ማን ይሰለፍ? ስለ እግር ኳስ አምበልና በረኛ አመራረጥ አጭር የታሪክ ሐተታ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ክርክር አይጠፋም። ክርክርም ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው «ምን ይሠራ» በሚለው ሳይሆን «ማን ይሥራው» በሚለው ነው። የሚሠራው ነገርማ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ገበሬው ያርሳል፥ ዳኛው ይፈርዳል፥ ተጨዋቹም ይጫወታል። ነገር ግን ከብዙዎች መካከል ማን ፊት ይቅደም፥ ማንስ ተራውን ይጠብቅ የተባለ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ወንድም ከወንድሙ፥ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ይከራከራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ምሳሌ አድርገን የያዝነው ግን ሸንጎውን ወይም ቢሮውን ሳይሆን የእግር ኳሱን ሜዳ ነው፤ ምክንያቱም በሜዳ ላይ የተደረገ ምርጫ ፍሬው በዘጠና ደቂቃ ውስጥ በሕዝብ ፊት ስለሚገለጥ፥ ለመማር ለሚፈቅድ ሰው ፈጣን አስተማሪ ይሆናል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ሲደርስ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ ይለያል። በዚያው በፎገራ ሜዳ ላይ ቁሐር ሚካኤል የተባለው አገር ይገኛል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲፈሱ ውሃው በሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሩዙም በዚያው ውሃ ውስጥ ያድጋል። መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ ግን መሬቱ ደርቆ ይጠነክርና ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ የጨዋታ ሜዳ ይሆናል። ከብቱ በአንድ ወገን የሩዙን ገለባ ሲግጥ፥ ልጆቹ በሌላው ወገን ሁለት ድንጋይ አቁመው ኳሳቸውን ይራገጣሉ። በልደት ሰሞንም ጎልማሳው ሳይቀር ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ወደ ገና ጨዋታ ይወርዳል።

በዚያ ሜዳ ቡድን የሚከፈልበትን ሥርዐት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ብዙ ቁም ነገር ያገኛል። አስቀድሞ ሁለት «አባቶች» ይቆማሉ፤ እነርሱም የሁለቱ ወገን መሪዎች ናቸው። የቀሩት ተጨዋቾች በጉልበትም በሩጫም የሚመጣጠኑት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመራሉ። ጥንዶቹ ከሰው ፈቀቅ ብለው በሹክሹክታ የምስጢር ስም ይይዛሉ፤ አንዱ አንበሳ ሌላው ነብር፥ ወይም አንዱ ርብ ሌላው ጉማራ ይባላል። ከዚያም ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይመለሱና «ርብን ትወስዳለህ ወይስ ጉማራን?» ብለው ባለተራውን አባት ይጠይቁታል። አባትየውም ማን ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ አንዱን ስም ይጠራል፤ የተጠራው ወደ እርሱ፥ ያልተጠራው ወደ ባላጋራው ይሄዳል። ቅሬታ የለም፤ ቢኖርም የሚወቅሱት ሰው የለም።

በዚህ ቀላል በሚመስል ሥርዐት ውስጥ ሁለት ጥበብ ተሰውሮ ይገኛል። የመጀመሪያው መጣመሩ ነው፤ ሰነፍ ከጎበዝ ጋር አይጣመርም፥ እኩያ የሚፈልገው እኩያውን ነው። ስለዚህ ስም ከመደበቁ አስቀድሞ ችሎታ ተመዝኗል ማለት ነው። ሁለተኛው የስሙ መደበቅ ነው፤ ችሎታቸው እኩል ከሆነ ዘንድ መራጩ የአጎቱን ልጅ ከባዕድ፥ የባለጸጋውን ልጅ ከድኻው ልጅ ለይቶ እንዳይመርጥ ዓይኑ ይሸፈናል። እንግዲህ የአገራችን እረኞች፥ መጽሐፍ ሳያነቡና ሕግ ሳይጠቅሱ፥ የምርጫን ሁለት መሠረቶች ያውቃሉ፤ ችሎታን መመዘንና ከአድልዎ መራቅ።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት እንዲህ ነው። አንድ ቀን ወረታ ከተማ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን፥ በአጠገባችን የነበሩ ወጣቶች በብሔራዊ ቡድናችን ማን በረኛ ሆኖ ይሰለፍ በማለት ብርቱ ክርክር ገጠሙ። አንዱ ቁመተ ረጅሙን አነሣ፤ ሌላው ልምድ ይበልጣል ብሎ አንጋፋውን ደገፈ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሚወደው ክለብ ውጭ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። ነገሩ ከረር እያለ ሲሄድ ከማእዘኑ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፥ ማን ይቁም ብላችሁ እስኪመሽ ትሟገታላችሁ፤ ለመሆኑ የሚመርጠው ማን ነው? በምንስ ነው የሚመርጠው?» አሏቸው። ከወጣቶቹም አንዱ ፈገግ ብሎ «አባባ፥ እርሱንማ ብናውቅ ምን ያከራክረን ነበር» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። እኛ ግን ጥያቄው ቀላል ሆኖ ስላልታየን፥ ወደ ታሪካችን ተመልሰን መልሱን ለመፈለግ ተነሣን።

የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በየካቲት ወር በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ እነርሱም ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር እንዲደረግ ተወሰነ። ወዲያውም «ማን ይሰለፍ» የሚለው ጥያቄ ገና ኳስ ሳይነካ ተነሣ። በዘር መለያየትን ሕግ አድርጎ የያዘው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት፥ ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ እንጂ ነጭና ጥቁር በአንድነት የተሰለፉበትን ቡድን አልክም አለ። የቀሩት መሥራቾች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ይጋጠም የነበረው የኢትዮጵያ ቡድን ያለ ጨዋታ ወደ ፍጻሜ አለፈና የካቲት 9 ቀን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

በጨዋታው ብንሸነፍም በዚያ ወር አንድ ትልቅ ሕግ ተተክሏል። ይኸውም ተጨዋች የሚመረጠው በእግሩ እንጂ በቆዳው አይደለም የሚለው ነው። ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች መካከል አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይህን ሕግ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ጠብቀውታል። አቶ ይድነቃቸው በጅማ የተወለዱ፥ የታዋቂው የቅኔና የዜማ ሰው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፥ በወጣትነታቸውም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለብዙ ዓመታት የተጫወቱ ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲያገለግሉ የዘር መድልዎን በመቃወም ስማቸው በዓለም ሁሉ ታውቋል። ዳሩ ግን የአንድ ሰው እምነት በእውነት የሚፈተነው በሩቅ ባለው ጠላት ላይ ሲናገር ሳይሆን በገዛ ቤቱ ውስጥ ሲጠየቅ ነው። የእርሳቸውም ፈተና የመጣው ካርቱም ላይ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ ነበር።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር በአዲስ አበባ ተደረገ። ለፍጻሜው ውድድር የቀረቡት አራት ቡድኖች ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ነበሩ፤ ግብፅም በዚያ ዘመን የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ በሚለው ስም ትጠራ ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ከቡድኑ ተጨዋቾች ብዙዎቹ የመጡት ያን ጊዜ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከነበረችው ከኤርትራ ነበር። በግብ አግቢነቱ የታወቀው መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የጎንደር ተወላጅ ነበር። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል፤ በ1927 ዓ.ም. በአሥመራ ከጣሊያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም በቡድኑ ውስጥ ነበር። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ናቸው።

ስለዚያ ፍጻሜ ከተጻፉትና ሉቻኖም ከተረካቸው ነገሮች መካከል አንዱ እንደሚያስረዳው፥ ጨዋታው ሲቃረብ በሹማምንቱ ዘንድ አንድ ሐሳብ ተነሣ። ቡድኑ ያሸነፈ እንደ ሆነ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበሉ ነው፤ ታዲያ በዚያ ታላቅ ቀን በሕዝብና በእንግዶች ፊት የጣሊያን ስም የያዘ ክልስ ሰው ይቅረብን? አምበልነቱ ለሌላ ቢሰጥ አይሻልምን? የሚል ነበር። አቶ ይድነቃቸው ግን ይህን አልተቀበሉም፤ ሉቻኖ አምበል እንደ ሆነ ወደ ሜዳ ገባ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን የቀና እንዲሆን የተቃዋሚዎቹንም አሳብ በትዕግሥት ልንሰማ ይገባናል። ጥር 1954 ዓ.ም. ማለት አገራችን ከፋሽስት ወረራ ነጻ ከወጣችበት ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ገና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላበት ጊዜ ነው። በዚያ ስታዲየም ከተቀመጠው ሕዝብ መካከል አባቱን፥ ወንድሙን፥ ቤቱን በጣሊያኖች ያጣ ብዙ ነበር። ስለዚህ «ቫሳሎ» የሚለውን ስም ከንጉሠ ነገሥቱ ሰገነት አጠገብ መስማት ለአንዳንዱ ሰው ቁስሉን የሚነካበት ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ኅዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ከኅዘኑ የተወለደው ሐሳብ ግን ትክክል አልነበረም።

ትክክል ያልሆነበትንም ምክንያት እናስረዳ። ፋሽስቶች በምሥራቅ አፍሪካ በነበሩበት ዘመን ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ሕግ በላይ በላዩ አወጡ። በመጨረሻም በ1932 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ የእኔ ነው ብሎ እንዳይቀበል፥ ልጁም የአባቱን ስም እንዳይጠራበት ከለከሉ። እንግዲህ እንደ ሉቻኖ ላሉ ልጆች የመጀመሪያው ስም ነጣቂ ፋሽስት ነበር። ፋሽስቱ «ስምህ ከእኛ አይደለም» ካለው በኋላ፥ የገዛ አገሩ ደግሞ «ስምህ ከእነርሱ ነው» ብላ ከፊት ብታስነሣው፥ የጠላትን ሕግ በተገላቢጦሽ መፈጸም አይሆንምን? የአባት ዕዳ በልጅ አይቆጠርም። ይልቁንም በእናቱ አገር መለያ ለብሶ፥ ላቡን አፍስሶ፥ ጓደኞቹን መርቶ ለፍጻሜ ያደረሰ ሰው፥ ማንነቱ ከስሙ ይልቅ በሥራው ሊነበብ ይገባ ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ጨዋታው ተጀመረ። ግብፅ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች ኃይለኛ ቡድን ነበረች። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ በዳዊ የተባለው ተጨዋቿ የመጀመሪያውን ግብ አገባ። ሰዓቱ እየገፋ ሄዶ ተስፋ ሊቆረጥ ሲል፥ በሰባ አራተኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ነገር ግን ደስታው ሳይበርድ በሚቀጥለው ደቂቃ በዳዊ እንደገና አገባ። የቀረው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ፥ በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ፥ ግቡን ያገባው ሌላ ሰው አይደለም፤ ያ አምበልነቱ ያከራከረው ሉቻኖ ነው። ሁለት ለሁለት ሆነ።

በተጨማሪው ሰዓት በመቶ አንደኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ በመቶ ዐሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ደግሞ የጎንደሩ ልጅ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን በእጃቸው ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሰጡት። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፥ ሉቻኖም ከአብዮቱ በኋላ ከኖረበት ከጣሊያን አገር በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

አንዳንድ አንባቢ «ሉቻኖ ግብ ባያገባና ቡድኑ ቢሸነፍስ ኖሮ የአቶ ይድነቃቸው ውሳኔ ስሕተት ሊሆን ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። እኛ ግን አይሆንም እንላለን። ምርጫ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በተመረጠበት ምክንያት እንጂ በዕድል በመጣው ውጤት አይደለም። ጎበዝ ገበሬ በጊዜው አርሶ በጊዜው ከዘራ በኋላ በረዶ ቢመታው ማሳውን ያጣል እንጂ ገበሬነቱን አያጣም። ግቡ የጨመረው ነገር ቢኖር፥ በአንድ ቀን ውስጥ ለተከራካሪዎቹ ሁሉ በዓይናቸው እንዲያዩት ማድረጉ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። የኢትዮጵያ ቡድን ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ቆይቶ፥ በ2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የሚያስገርመው ነገር፥ ያ በ1949 ዓ.ም. ነጭና ጥቁርን አላሰልፍም ያለው አገር አሁን አስተናጋጅ ሆኖ መገኘቱ፥ የመጀመሪያው ጨዋታችንም የተደረገው ልክ በጥር 13 ቀን መሆኑ ነው። ተጋጣሚያችን ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት የነበረችው ዛምቢያ ነበረች። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛው ጀማል ጣሰው ከግቡ ርቆ ወጥቶ ከተቃራኒው ተጨዋች ጋር በመጋጨቱ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። ተጠባባቂው ዘሪሁን ታደለ ገባ፤ ቡድኑም በዐሥር ሰው ተጫውቶ በአዳነ ግርማ ግብ አንድ ለአንድ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየሻይ ቤቱ «በረኛው ማን ይሁን» የማይል ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ጨዋታ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር 21 ቀን በተደረገው በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ስንጋጠም፥ በመጨረሻው ደቂቃዎች ሁለት የፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ በሁለተኛው ምክንያት በረኛው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ወጣ። የሚቀየረው ሰው ሁሉ ተቀይሮ አልቆ ነበርና፥ ተጠባባቂ በረኛ ማስገባት አልተቻለም። ከሜዳው ተጨዋቾች አንዱ የነበረው አዲስ ሕንጻ የበረኛውን ጓንት አጥልቆ በግቡ መካከል ቆመ። ኳሱ ገባ፤ ጨዋታውም 2 ለ 0 አለቀ። አዲስ ሕንጻን ግን የሚወቅስ አልተገኘም፤ ሥራው ባይሆንም ሰው በጠፋበት ቦታ ቆሟልና።

በአንድ ውድድር ውስጥ ሁለት በረኞች በቀይ ካርድ መውጣታቸው «ማን ይሰለፍ» ለሚለው ክርክር አንድ ትምህርት ይጨምራል። ደጋፊ ሲከራከር የሚያየው አንደኛውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን አያይም። አሠልጣኝ ግን፥ እንዲሁም በማናቸውም መሥሪያ ቤት ያለ አለቃ፥ የሚመርጠው አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ተራ ነው፤ የፊተኛው በወደቀ ጊዜ የኋለኛው እንዳይደናገጥ አድርጎ ማዘጋጀት አለበት። ተጠባባቂውን የሚንቅ መሪ ዋናውንም አላከበረም፤ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ጀርባ ላይ ጭኖ መንገድ የጀመረ ነጋዴን ይመስላል።

በዚያው ዓመት ደግሞ ሌላ ትምህርት፥ ከፊተኛውም ይልቅ የመረረ፥ አገኘን። ቡድናችን ለ2006ቱ የብራዚል የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በሚደረገው ማጣሪያ ከምድቡ ፊት ቀድሞ ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሳምንቱ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 ሲረታ፥ ምድቡን አለፍን ተብሎ ሕዝቡ በየአደባባዩ ጨፈረ። ነገር ግን ደስታው ሳይመሽ ከዓለም አቀፉ ማኅበር ከፊፋ ሌላ ወሬ ተሰማ። በቦትስዋናው ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ፥ ቀደም ባሉት ግጥሚያዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለ ነበረበት፥ በዚያ ቀን መሰለፍ አይገባውም ነበር። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቈጠረ፤ ሦስት ነጥባችን ተነሣ።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ማን ይሰለፍ» የሚለውን ክርክር የወሰነው ችሎታም ዘርም ዝናም አይደለም፤ አንድ የተጻፈና ያልተነበበ ወረቀት ነው። ተጨዋቹ ጎበዝ ነው፤ አሠልጣኙ አምኖበታል፤ ሕዝቡ ወዶታል፤ ግን መዝገቡን የገለጠ ሰው አልተገኘም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ታሪክ ስናነብ የምንስቀው በእግር ኳስ ሰዎች ላይ መሆን የለበትም። በየመሥሪያ ቤታችን ፋይሉ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ሳለ፥ በቃል ትዝታና በግምት ብቻ ስንት ነገር እንወስናለን! ሁለት መስመር አለማንበብ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብን ደስታ በአንድ ምሽት ወደ ጭንቀት ሲለውጠው ካየን፥ ጸሐፊነትና መዝገብ ጠባቂነት ዝቅተኛ ሥራ ነው የሚለውን አነጋገር ልንተው ይገባናል።

ደግነቱ ቡድኑ አልወደቀም። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. በብራዛቪል በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን አለፈ። ከዚያ በኋላ በደርሶ መልስ በናይጄሪያ ተሸንፎ፥ ወደ ብራዚል መሄዱ ቀረ። ነገር ግን ያ ቡድን ከዚያ በፊት ማንም የኢትዮጵያ ቡድን ወዳልደረሰበት ወደ መጨረሻው በር ደርሶ ነበር። የዚያ ዘመን ትዝታ በፎገራም ከልብ አልወጣም። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ብሔራዊው ቡድን በባሕር ዳር ስታዲየም ሌሶቶን 2 ለ 1 ባሸነፈበት ዕለት፥ ቡድኑ ከወረታ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ ስለ ተገኘ፥ ክርክሩም ከሬዲዮ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ሜዳው ደጃፍ ቀረበ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከወሰደ ወዲህ ደግሞ በዚህ አካባቢ የማይከራከር ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ፤ «የሚመርጠው ማን ነው? በምንስ ነው የሚመርጠው?» የነገርናቸው ሦስት ታሪኮች መልሱን በየተራቸው ሰጥተውናል። የ1954ቱ ታሪክ፥ ችሎታው ከተመሰከረለት ሰው ላይ ትውልዱንና ስሙን ምክንያት አድርጎ ቦታውን መንጠቅ እንደማይገባ፥ መራጩም ከበላዩ ያሉት ሰዎች ቢጫኑት እንኳ እውነቱን ይዞ መቆም እንዳለበት ያስተምራል። የጥር 2005ቱ ታሪክ፥ ከአንደኛው ጋር ሁለተኛውንም ማዘጋጀት ግዴታ መሆኑን ይነግረናል። የሰኔ 2005ቱ ደግሞ፥ መልካም ምርጫ ሁሉ በሕግና በመዝገብ ካልተደገፈ ፍሬው በሌላ እጅ እንደሚገባ ያስጠነቅቃል።

ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደን የመጀመሪያው ነው። መዝገብ ማንበብ በትጋት ይገኛል፤ ተጠባባቂ ማዘጋጀትም በጥበብ ይገኛል። ነገር ግን የሕዝብ ቁስል ትኩስ በሆነበት ቀን፥ ከፍ ያሉ ሰዎች «ይህን ሰው ከፊት አንሣው» ሲሉ «አይሆንም፤ ቦታው የእርሱ ነው» ማለት ልብ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ልብ ደግሞ በጨዋታው ቀን ድንገት አይገኝም። አቶ ይድነቃቸው አዲስ አበባ ላይ ሳይናወጡ የቆሙት፥ አገራቸው ካርቱም ላይ የቆመችበትን ሕግ ለሌላ አገር ብቻ የተሠራ አድርገው ስላልቈጠሩት ነው ብለን እናምናለን። ለጎረቤት የፈረድንበት ሚዛን በቤታችንም ካልመዘነ ሚዛን አይባልም።

ስለ ደጋፊዎች ክርክርም አንድ ቃል ጨምረን እናብቃ። አንዳንድ ሰዎች ወጣቶች በኳስ ነገር ጊዜያቸውን በከንቱ ያጠፋሉ ብለው ይነቅፏቸዋል። ክርክሩ ወደ ስድብና ወደ ጠብ ሲደርስ እኛም እንነቅፋለን። ነገር ግን «ይህ ሰው ለዚህ ቦታ ይገባዋል፥ ያኛው አይገባውም፥ ምክንያቱም» እያለ በማስረጃ የሚከራከር ወጣት፥ ሳያውቀው የዜግነትን ትምህርት እየተማረ ነው። ዛሬ ስለ በረኛ ምክንያት የጠየቀ፥ ነገ ስለ ሹም ምክንያት ይጠይቃል። መምህራን ይህን ክርክር ከመከልከል ይልቅ ወደ ማመዛዘን ቢመሩት፥ ከስሜት ተነሥቶ ወደ ማስረጃ የሚሄድ ትውልድ ያፈራሉ።

እኛ ይህን ጽሑፍ በምንጽፍበት ሰሞን በቁሐር ሚካኤል ሜዳ ላይ የሩዙ መከር ተነሥቶ ነበር። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ሁለት አባቶችን አቁመው ሲከፋፈሉ ደረስን። ሁለት እኩያሞች ተቃቅፈው መጡና የምስጢር ስማቸውን ጠሩ። አባትየው ጥቂት አሰበና አንዱን ስም ጠራ፤ የተጠራው ሮጦ ከኋላው ቆመ፥ ያልተጠራውም ሳያዝን ወደ ሌላው ወገን ሄደ። የማን ልጅ እንደ ሆኑ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያም ኳሱ ተጀመረ።